ዐሥራ አራተኛውን ሥዕል ፍለጋ

ይህን የጉዞ ማስታወሻ የምጽፈው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ስለ ባለ ሰኮና እንስሳት የተዘጋጁ አራት ባለሥዕል መጻሕፍት ዛሬ በምን ሁኔታ ላይ እንዳሉ በየቦታው ተገኝቼ ያየሁት እኔ ብቻ ስለሆንኩ፣ ያየሁት ከእኔ ጋር እንዳይቀር ነው። ሁለተኛው፣ ከአራቱ የአንዱን ገጽ በምላጭ የቆረጥኩት እኔ መሆኔን ለመግለጽ ነው። ይህን ደብቄ ቆይቼ አንባቢን በመጨረሻ ማስደንገጥ አልፈለግሁም። መንገዱን ሁሉ የሄድኩት ይህን እያወቅሁ ስለነበር አንባቢም እያወቀ ቢከተለኝ ይሻላል።

መጻሕፍቱን ያዘጋጁት ጋሽ ገመዳ ናቸው። በነቀምቴና በአካባቢዋ ከተሞች ለብዙ ዓመታት ባዮሎጂ አስተምረው አሁን በጡረታ ነቀምቴ ይኖራሉ። ጽሑፉን በታይፕ መትተው አባዙት፤ ሥዕሉን ግን እያንዳንዱን አራት አራት ጊዜ በእጃቸው በውኃ ቀለም ሣሉት። እያንዳንዱ ቅጂ ሠላሳ ስድስት ባለ ሙሉ ገጽ ሥዕል አለው፤ ከበሬና ከአህያ ተነሥቶ በድኩላ፣ በቆርኬ፣ በሳላና በከርከሮ አልፎ ጉማሬ ላይ ያበቃል። አንዱን ቅጂ ለነቀምቴ፣ ሌሎቹን ለሲሬ፣ ለኡኬና ለዲጋ ትምህርት ቤቶች ሰጡ። ለራሳቸው አላስቀሩም።

ዐሥራ አራተኛው ሥዕል ግን የእንስሳ ሥዕል አይደለም፤ የእግር ሥዕል ነው። የፈረስ አንድ ሰኮና፣ የአውራሪስ ሦስት ጣት፣ የላም ክፍት ሰኮና፣ የጉማሬ አራት ጣት፣ እንዲህ እያለ ሃያ ሁለት እግር ጎን ለጎን ተሥሎ ቁጥር ተሰጥቶታል። የመጽሐፉ እያንዳንዱ ክፍል የሚጀምረው ወደዚህ ሥዕል በመምራት ነው። አንድ ሰው ጭቃ ላይ ዱካ አይቶ እንስሳውን ሊያውቅ ቢፈልግ ዱካውን ከሥዕሉ ያመሳክራል፣ ቁጥሩን ይይዛል፣ በቁጥሩ እንስሳውን ያገኛል። ለዚህ ገጽ ሲሉ ጋሽ ገመዳ ከሥጋ ቤት እግር እየገዙ በጓሮ ያጥቡ ነበር። ዛሬ በሕይወት የሌሉት ባለቤታቸው ሽታው ቤት እንዳይገባ ብለው እስከ አጥሩ ጥግ ያባርሯቸው እንደነበር እየሳቁ አጫውተውኛል። የጉማሬውን እግር የሣሉት ዴዴሳ ወንዝ ዳር የሞተ ጉማሬ መኖሩን ሰምተው ሄደው፣ አፍንጫቸውን በመሐረብ ሸፍነው ሁለት ቀን አጠገቡ ተቀምጠው ነው።

ዘንድሮ አንድ የአዲስ አበባ አሳታሚ መጽሐፉን አይቶ ሊያትመው ፈቃደኛ ሆነ። የጠየቀው ሠላሳ ስድስቱም ሥዕሎች በዋናው ወረቀት ተሟልተው እንዲቀርቡለት ነው። ዐሥራ አራተኛው ከሌለ ሌላው እንደማይነበብ ገብቶት፣ ያ ገጽ ካልተገኘ ኅትመቱን እንደማይጀምር በደብዳቤው ለይቶ ጻፈ። ጋሽ ገመዳ እንደገና እንዳይሥሉ ደግሞ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ሻይ የሚጠጡት ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ደግፈው ነው።

ስሜ ይበልጣል ነው፤ ከጎጃም ነቀምቴ የመጣሁት ከዘጠኝ ዓመት በፊት በዩኒቨርሲቲ ምደባ ነው። ተመርቄ እዚሁ በቤተ መጻሕፍት ሠራተኛነት ቀረሁ። ኦሮምኛዬ ለገበያና ለሰላምታ ይበቃል፤ ለጨዋታ አይበቃም። አከራዮቼ ደጎች ናቸው፤ እሁድ ከቸርች ሲመለሱ ዳቦ ይሰጡኛል፣ ከዚያ በራቸው ይዘጋል። እንደ ሰው ተቀምጬ ስለ መጻሕፍት የማወራው ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ከጋሽ ገመዳ ጋር ብቻ ነበር።

ገጹን የቆረጥኩት ሳላውቃቸው ነው። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ በነቀምቴ አንድ ትምህርት ቤት የማስተማር ልምምድ አደርግ ነበር፤ ልምምዱ ውስጥ የትምህርት መርጃ መሣሪያ አዘጋጅቶ ማቅረብ ነጥብ አለው። ሁላችንም የምናደርገው ያው ነው፦ ማዳበሪያ ተርትሮ መዘርጋት፣ በላዩ ሥዕል መለጠፍ፣ ክፍል ውስጥ መስቀል። እኔ ግን በእጄ ከመሣል የተዘጋጀ መረጥኩ። ከቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፍ ዐሥራ አራተኛውን ገጽ፣ ከስፌቱ አንድ ጣት ራቅ ብዬ፣ በማስመሪያ አስይዤ ቆረጥኩት። የቀረው ጠርዝ እንዳይታወቅ ከሚቀጥለው ገጽ ጋር በኮላ አጣበቅሁት። ሙሉ ነጥብ አገኘሁ። አስተማሪያችን እንዴት እንዳዘጋጀሁት ጠየቁኝ፤ ጠርዙን ማጣበቄን ሳይቀር ነገርኳቸው፤ ሥራዬን ወስደው በትምህርት ክፍሉ ኮሪደር ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። በኋላ ስጠይቅ ከነማዳበሪያው ምስጥ በልቶታል አሉኝ።

ጋሽ ገመዳ መጻሕፍቱን እንድሰበስብላቸው ሲልኩኝ የነቀምቴው ቅጂ፣ ከእኔ በኋላ ሌሎች ስምንት ገጾች ተቆርጠውበት፣ ቀድሞ በእጃቸው ነበር። ባዶውን ቦታ በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ፣

«ይሄን የቆረጠው ሰው፣ ማንም ይሁን፣ ጌታ እንደ እኔ እጁን አይንሣው» አሉ። «ሦስቱ ግን አሉ። ሂድና አምጣልኝ፣ ይበልጣል።»

የዚያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ከሦስቱ አንዱን ደህና አድርጌ ካመጣሁ መናገር አያስፈልገኝም ብዬ ተነሣሁ።

ሰኞ፣ ሲሬ

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ መናኸሪያ ደረስኩ። ሚኒባሱ እስኪሞላ አንድ ሰዓት ያህል ቆመ። አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት በኦሮምኛ ሰላም አሉኝ፤ መለስኩ። ሁለተኛውን ጥያቄያቸውን ግን አልያዝኩትም። ፈገግ ብለው ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ እስከ ሲሬም ሌላ ቃል አልተነጋገርንም። ወሩ ኅዳር ነበር። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ጤፉ ቢጫ ሆኗል፤ የበቆሎ አገዳ በየማሳው ተከምሯል፤ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ወጣቶች ሸንኮራ ይሸጣሉ።

የሲሬው መጽሐፍ ያለበትን ቤተ መጻሕፍት የሚጠብቁት አዴ ዲንቄ ይባላሉ። በሩ ላይ ተቀምጠው ሹራብ ይሠሩ ነበር። «አካም ቡልቴ፣ ኢልማ ኮ» ብለው ልጄ እያሉ ተቀበሉኝ፤ አነጋገሬን ሲሰሙ ወዲያው ወደ አማርኛ ተሻገሩልኝ። የጋሽ ገመዳን ደብዳቤ አነበቡ። ሳይንስ ያስተማሯቸው ጋሽ ገመዳ ስለነበሩ ስለ ጤናቸው ብዙ ጠየቁኝ፤ ስለ እጃቸው ስነግራቸው ሹራቡን ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

መጽሐፉ ከአንድ ትልቅ አትላስ ሥር ተኝቶ ነበር። ቆሜ ገለጥኩት። ዐሥራ አንድ ሥዕል ጎድሏል፤ ዐሥራ አራተኛውም ከጎደሉት አንዱ ነው። ከስፌቱ አንድ ጣት ያህል ጠርዝ ቀርቷል፤ ጠርዙ ከሚቀጥለው ገጽ ጋር ተጣብቋል። መመሳሰሉ ታየኝ። ምላጭና ኮላ የያዘ ሰው ሁሉ እንዲሁ ያደርጋል ብዬ አለፍኩት።

አዴ ዲንቄ የቆረጠው መምህር ወደ ሌላ ወረዳ መቀየሩን ነገሩኝ፤ ሥዕሉ የተለጠፈበትን ክፍል ሊያሳዩኝ ሹራባቸውን እንደያዙ ቀደሙኝ። ክፍሉ ባዶ ነበር፤ ልጆቹ ለአዝመራ ቀርተዋል። ግድግዳው እስከ ደረት ድረስ አረንጓዴ ዘይት ቀለም ተቀብቷል። እጄን ይዘው ግድግዳው ላይ አስቀመጡት።

«እዚህ ላይ ዳስ። ጠርዙ ይታወቅሃል? ይኸው ነው።»

ከቀለሙ በታች የወረቀት አራት ማዕዘን በመዳፌ ተሰማኝ። ለምረቃ በዓል ክፍሉ ሲቀባ ቀቢዎቹ ሥዕሉን ማንሣት ሰልችቷቸው በላዩ ሄደውበታል። ማዳበሪያ አጥቶ ግድግዳው ላይ ለጠፈው፣ አሉ አዴ ዲንቄ መምህሩን ሲከላከሉ፤ ክፉ ልጅ አልነበረም፣ ልጆቹ ይወዱት ነበር። በቢላ ጫፍ ትንሽ ሞከርን። ቀለሙም ወረቀቱም ምርጊቱም አንድ ላይ ተነሡ። አዴ ዲንቄ ቢላውን ተቀበሉኝና ተወው አሉ።

የቀረውን መጽሐፍ አስፈርመው ሰጡኝ። መንገድ ዳር ባለች ምግብ ቤት ብቻዬን ሽሮ በላሁ። አስተናጋጇ ሰው የምጠብቅ መስሏት ሁለተኛ ሰው የሚበቃ እንጀራ አቀረበች፤ ብቻዬን መሆኔን ስነግራት ግማሹን መልሳ አነሣች።

ማክሰኞ፣ ኡኬ

ወደ ኡኬ የሚሄደው መኪና ከሰዓት በኋላ አይመለስም ስላሉኝ በማለዳ ተነሣሁ። መንገዱ ከነቀምቴ ወደ ሰሜን እየወረደ ሲሄድ አየሩ ይሞቃል፤ ሹራቤን አውልቄ ጉልበቴ ላይ አደረግሁ። አንድ ፍተሻ ላይ ሁላችንም ወረድን። የሚፈትሸው ሰው ቦርሳዬን ከፍቶ የሲሬውን መጽሐፍ አወጣና መኪናው አፍንጫ ላይ አስቀምጦ በጥንቃቄ ይገልጥ ጀመር። ከርከሮው ላይ ቆመ።

«ይሄን አውቀዋለሁ» አለ። «የአባቴን በቆሎ የጨረሰው ይሄ ነው።»

አንድ ተሳፋሪ ከኋላዬ፣ «ይኸው ፎቶው ተገኘልህ፤ አሁን መክሰስ ትችላለህ» አለው። ሁሉም ሳቁ፤ ፈታሹም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ፈታሹ መጽሐፉን እንደ ሕፃን በሁለት እጁ አድርጎ መለሰልኝ። መኪናው ውስጥ ከገባን በኋላ ስለ ከርከሮ ክርክር ተነሣ፤ በኦሮምኛ ስለነበር የገባኝ ጥቂት ነው፤ ቅድም በእኔ መጽሐፍ የተጀመረው ጨዋታ ያለ እኔ እስከ ኡኬ ደረሰ።

በኡኬ የተቀበለኝ የሳይንስ አስተማሪው መምህር ቶሌራ ነው። በዕድሜ እኩያዬ ይሆናል። እሱ በተማረበት ዩኒቨርሲቲ በአንድ ዓመት ቀድሜው የተማርኩ መሆኔን ሲያውቅ እንደ ዘመድ ትከሻዬን መታኝ፤ ከዚያ በኋላ የጠራኝ ሁሉ «ጎጃሜ» እያለ ነው። ሳልጠይቀው መጽሐፉንም ቻርቱንም አመጣ። ከመጽሐፉ ስድስት ሥዕሎች ተቆርጠዋል። ዐሥራ አራተኛው በማዳበሪያ ላይ ተለጥፎ በሁለት ዘንግ ተወጥሯል። ትምህርት ቤቱ በተዘጋባቸው ወራት ጣሪያው አፍስሶበት ቀለሙ ሁሉ ወርዶ ከታች ተጠራቅሟል። ከሃያ ሁለቱ እግሮች የአንዱም መልክ አይለይም። የሚነበቡት በስክሪብቶ የተጻፉት ቁጥሮች ናቸው።

«አዝናለሁ፣ ጎጃሜ» አለ ቶሌራ። «ግን ብታየው ኖሮ! ልጆቹ በእረፍት ሰዓት እንኳ ከፊቱ አይነሡም ነበር።»

ቤቱ ወስዶ አንጮቴ አበላኝ፤ የተቀቀለውን ሥር ልጦ በቅቤና በሚጥሚጣ አቀረበልኝ። የሩቅ አገር ሰው ይሄን ሳይቀምስ ከወለጋ ቢወጣ ኀጢአቱ በእኛ ላይ ነው እያለ ይጨምርልኝ ነበር። እየበላን ይህን ሐሳብ ከየት እንዳመጣው ጠየቅሁት። ጥያቄው ገርሞት ማንኪያውን አቆመ።

«አንተ አላየኸውም እንዴ? ትምህርት ክፍሉ ኮሪደር ላይ ተሰቅሎ የነበረው! መምህራችን በየዓመቱ ‹እንደዚህ ሥሩ› እያሉ ያሳዩን ነበር። አቆራረጡን፣ ጠርዙን ከጎረቤቱ ገጽ ጋር ማጣበቁን ሳይቀር። ዳይሬክተር እንኳ አያውቅም» ብሎ ሳቀ። «ከኛ መካከል የተመደበበት ትምህርት ቤት መጽሐፉ ኖሮት ያልቆረጠ የለም። ሲሬ የደረሰው ጓደኛችን ግድግዳ ላይ ለጠፈው፣ ማዳበሪያ አልሰጥም ብለውት።»

«የሠራውስ ማን ነበር?»

«ስሙ ከታች ጥጉ ላይ ነበረ አሉ። እኛ ስንደርስ ያን ጥግ ምስጥ በልቶት ነበር።»

አንጮቴው አፌ ውስጥ ነበር፤ ዋጥኩት። ከዚያ ስለ ዲጋ ጠየቅሁት። ዲጋ አይሞከርም አለኝ፤ እዚያ ኦቦ ዋቅጋሪ አሉ፣ መጽሐፉን ከልጆቻቸው አብልጠው ነው የሚጠብቁት፣ እዚያ ተመድቦ የሄደ የእነ ቶሌራ ጓደኛ አንድ ጊዜ ለማየት ሦስት ቀን ለምኗል። ቶሌራ ይህን የሚነግረኝ ሊያስቀኝ ነበር። እኔ ግን ከሰኞ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቴ ቀለለኝ። መኪናው እንዳያመልጠኝ ብዬ ተነሣሁ። ቶሌራ እስከ አስፋልቱ ሸኘኝ፤ መኪናው ተነሥቶም ቆሞ እጁን ያወዛውዝ ነበር።

ረቡዕ፣ ነቀምቴ

ዲጋ ቅርብ ናት፤ ረቡዕ ጠዋት ሄጄ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ገመዳ ዘንድ መድረስ እችል ነበር። አልሄድኩም። ቀኑን ሙሉ ክፍሌ ውስጥ ተቀምጬ ሁለቱን መጻሕፍት ገጽ በገጽ አመሳከርኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጋሽ ገመዳ ደወሉ፤ መንገድ ላይ ነኝ አልኳቸው። ሻዩን እንዳፈሉትና ግድ እንደሌለ፣ ነገ እንደሚያሞቁት ነገሩኝ። ቤታቸው ከእኔ ክፍል የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ በስልኩ የአከራዮቼን ዶሮ ሰምተው ይሆን ብዬ፣ ብዙ አሰብኩ።

ሐሙስ፣ ዲጋ

ከነቀምቴ ወደ ምዕራብ የሚወስደው መንገድ በቡና መካከል ያልፋል። በየደጁ ቀይ ቡና በሸራ ላይ ተሰጥቷል፤ ሴቶች በእግራቸው እያገላበጡት ይሄዳሉ። ዲጋ ስደርስ ሦስት ሰዓት ሆኖ ነበር።

ኦቦ ዋቅጋሪ ቀጭንና ረጅም ሰው ናቸው። ሙሉ ልብስ ለብሰው ሸሚዛቸውን እስከ አንገት ቆልፈዋል፤ ቁልፎቻቸው በገመድ ደረታቸው ላይ ተንጠልጥለዋል። የጋሽ ገመዳን ደብዳቤ ቆመው አንድ ጊዜ፣ ተቀምጠው አንድ ጊዜ አነበቡ። ፊርማውን ከመዝገባቸው ፊርማ ጋር አስተያዩ። ከዚያ እጄን እንድታጠብ ጠየቁኝ። ታጠብኩ። ፎጣም ሰጡኝ።

መጽሐፉ በተቆለፈ ቁም ሣጥን ውስጥ በነጭ አቡጀዲ ተጠቅልሎ ነበር። ሲፈቱት አየሁ፤ ዳሩ ሹል እንደሆነ ነው፣ አንድ ማዕዘን አልታጠፈም። መምህራን ሊያዩት ሲፈልጉ ከፊታቸው ተቀምጠው፣ ስክሪብቶ ሳይዙ እንደሚያዩት ነገሩኝ። አንዳንዶቹ ንፉግ ይሏቸዋል፣ አንዳንዶቹ መጽሐፉ ለሰው ነው ወይስ ለሣጥን ብለው ያሾፋሉ። «ይበሉ» አሉ። «ዐሥራ ሁለት ዓመት አንድ ቅጠል አልወደቀም።»

የሚያስረክቡት ቆጥረው እንደሆነ ነገሩኝና ሥዕሎቹን እየገለጡ በኦሮምኛ ጮክ ብለው መቁጠር ጀመሩ፤ ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ። እኔ ቀለሞቹን አይ ነበር። አሮጌ መሆናቸው አይታወቅም፤ የድኩላው ጀርባ እርጥብ ይመስል ነበር። ዐሥራ ሦስተኛው ላይ ደረሱ። ጣታቸውን በምላሳቸው አርሰው ገለጡ። የወጣው ዐሥራ አምስተኛው ነው። ሁለት ቅጠል አብሮ ተገልጦ ይሆናል ብለው መለሱት፤ እንደገና ገለጡ። ያው ዐሥራ አምስተኛው ወጣ። ወረቀቱን በሁለት ጣታቸው አሹት። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

እኔ ግን ጥፍሬን የት ላይ ማስገባት እንዳለብኝ አውቅ ነበር።

«ኦቦ፣ እዚህ ጋ ነው» አልኩና ጠርዙን አነሣሁላቸው። አንድ ጣት የምታህል ነጭ ወረቀት ከጎረቤቷ ተላቃ ቆመች።

«ይሄ ምንድነው?»

«የተቆረጠው ገጽ የቀረው ነው።»

በጣታቸው ነኳት። ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩ። «አንተ እንዴት አወቅህ?»

ቶሌራ ነግሮኛል ብል ውሸት አልነበረም፤ ቃሉም አፌ ላይ ነበረ። ግን የታጠበው እጄ በመጽሐፉ ላይ ነበር፣ እሳቸውም እሱን እያዩ ነበር።

«መጀመሪያ የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

«ዲጋ መጥተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ እንዴት አንተ ትሆናለህ?»

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለ ነቀምቴው ቅጂ፣ ስለ ነጥቡ፣ ስለ ኮሪደሩ፣ ስለ ሲሬና ስለ ኡኬ። ስጨርስ ወደ መስኮቱ ዞረው ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሆነው፣ የእህታቸው ቀብር ዕለት ነው አሉ። ቁልፉን ለአንድ መምህር ለግማሽ ቀን ትተው ሄደው ነበር። ሲመለሱ አቡጀዲው እንደታሰረ አገኙት፤ አስተሳሰሩም የእሳቸው ነበር የሚመስለው። ከዚያ ወዲህ መጽሐፉን ጠበቁ እንጂ ገልጠው እስከ መጨረሻ አልቆጠሩትም። መምህሩ አሁን የት እንዳለ አያውቁም።

መዝገቡን አወጡ። ቀኑን ጻፉ፣ የመጽሐፉን ስም ጻፉ፣ ‹ምርመራ› በሚለው አምድ ሥር ‹ዐሥራ አራተኛ ሥዕል የለም› ብለው ጻፉና ስክሪብቶውን ሰጡኝ።

«ለመውሰዴ ነው?» አልኳቸው።

«ለመውሰድህ ሌላ ቦታ አለው። ይሄ ለገጹ ነው።»

ፈረምኩ። ሠላሳ አምስቱን በአቡጀዲው ጠቅልለው ሰጡኝ፤ ጨርቁን እንድመልስላቸው አልጠየቁኝም። ቁም ሣጥኑን ባዶውን ቆለፉት። በሩ ድረስ አልሸኙኝም። መኪና እስኪመጣ ከመንገዱ ዳር ቆሜ፣ ቁልቁል ወደ ዴዴሳ የሚወርደውን ሸለቆ አየሁ፤ ጭጋጉ ገና አልተነሣም ነበር።

ዓርብ፣ ወደ ቤት

ጋሽ ገመዳ ጠረጴዛቸውን ባዶ አድርገው ጠበቁኝ። አራቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው። የዲጋውን ሲያዩ ፊታቸው በራ፤ ሥዕሎቹን በሁለት እጃቸው እየደገፉ ሲገልጡ፣ እያንዳንዱን የት እንደሣሉት፣ የትኛው ዝናብ ላይ እንደተጀመረ፣ የትኛው ቀለም እንዳለቀባቸው ይነግሩኝ ነበር። በቆርኬው ሥዕል ያሉትን ሰባት ቆርኬዎች ከነቀንዳቸው ቆጠሩ። ከዚያ፣

«ዐሥራ አራትስ?» አሉ።

ለኦቦ ዋቅጋሪ እንደነገርኳቸው፣ ምንም ሳላስቀር፣ ነገርኳቸው። ረቡዕ ቤቴ እንደነበርኩም ጨመርኩ። የነቀምቴውን ቅጂ አቅርበው ጠርዙን አዩ።

«በማስመሪያ ነው የቆረጥከው?»

«አዎ።»

«ቀጥ ብሏል» አሉ፣ የተማሪ ሥራ እንደሚያርሙ ሆነው። ከዚያ፣ «የጉማሬው አራተኛ ጣት ወደ ውስጥ ትንሽ የተጣመመ ነበር። ወንዝ ዳር የሞተው እንዲያ ነበር፣ እኔም እንዲያው ሣልኩት። ታስታውሳለህ?»

ገጹ አንድ ወር ያህል በእጄ ነበር፤ ቁጥሮቹን በስክሪብቶ አድምቄበታለሁ፤ በፊቱ ቆሜ አስተምሬበታለሁ። አላስታውስም አልኳቸው።

«እንግዲያው የሚያስታውስ የለም ማለት ነው» አሉ።

ሻይ አላፈሉም። መጻሕፍቱን ትቼላቸው እንድሄድ በትሕትና ነገሩኝ። በሩ ላይ ስደርስ፣ «ረቡዕ ለመምጣት አትልፋ፣ ይበልጣል» አሉኝ። ይህን ስጽፍ ስድስት ረቡዕ አልፏል። ለአሳታሚው ሠላሳ አምስት ሥዕል መገኘቱን ጽፌ ነበር፤ ስላደረግነው ጥረት አመስግኖ፣ የሰኮናው ሥዕል ከሌለ እንደማይጀምር መለሰ።

ከዚህ ጉዞ በፊት አንድ ሰው ያደረገው ጥፋት ባደረገበት ቦታ የሚቀር ይመስለኝ ነበር። የእኔው ግን በየዓመቱ ተመርቆ፣ የምደባ ደብዳቤ ይዞ፣ እኔ ወዳልረገጥኳቸው ከተሞች ቀድሞኝ ሄዷል። እኔ ስደርስ ሥራውን ጨርሶ ነበር። ከዚህ በላይ የምጨምረው ትምህርት የለኝም። የጎደለውን ግን በየቅጂው ቆጥሬ እነሆ እጽፋለሁ።

ከሲሬ ቅጂ፣ ዐሥራ አንድ ሥዕል።
ከነቀምቴ ቅጂ፣ ዘጠኝ።
ከኡኬ ቅጂ፣ ስድስት።
ከዲጋ ቅጂ፣ አንድ።
በድምሩ ሃያ ሰባት።
ከነዚህ ውስጥ ዐሥራ አራተኛው ሥዕል፣ አራት። የተረፈ፣ የለም።